ቸሩና ጨካኙ

በሰሜን አሜሪካ ሜይን በሚባለው ግዛት፣ በሙስሄድ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። አንዱን የመንደሩ ሰው «ቸሩ» ይለዋል፤ ሌላውን «ጨካኙ»። እውነተኛ ስማቸው ተደብቆ አይደለም። በሜይን ሕግ በብርድ በተጋገረ ሐይቅ ላይ የማጥመጃ ጎጆ የሚያቆም ሰው ስሙንና አድራሻውን ግድግዳው ላይ በጉልህ መጻፍ አለበትና የሁለቱም ስም የብርዱን ወራት ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው ይነበብ ነበር። ግን መንደር አንዴ ስም ካወጣ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ማን ያያል?

ሙስሄድ ትንሽ ውሃ አይደለም። ደቡብ ጫፉ ላይ ካለችው ከግሪንቪል ከተማ እስከ ሰሜን ዳርቻው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥልቀቱ አንዳንድ ቦታ 75 ሜትር ይደርሳል። የኬኔቤክ ወንዝ መነሻው እሱ ነው። ከመካከሉ ኪኒዮ የሚባል ተራራ ቀጥ ያለ ገደሉን ወደ ውሃው አዙሮ ቆሟል፤ ነጮቹ ወደዚያ አገር ከመድረሳቸው ብዙ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ነባሮቹ ሕዝቦች ለጦርና ለቀስት ጫፍ የሚሆነውን ድንጋይ ከዚያ ይፈልጡ ነበር። ብርዱ ሲጠና ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይጋገርና እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ግንቦት፣ አይፈታም። ጥርት ያለ ግግር 10 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ሰው ይሸከማል፤ 30 ሲሞላ መኪና ይነዳበታል። ነጣ ያለው፣ አመዳይ የተቀላቀለበት፣ ጉልበቱ የዚያ ግማሽ ነው፤ የአገሩ ሰው በእሱ ላይ አይዘናጋም።

አጠማመዱም እንዲህ ነው። ግግሩ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ከቀዳዳው ላይ የሚንሳፈፈው ስብርባሪ በቀዳዳ ጭልፋ ይጠለላል። ከዚያ «ትራፕ» የሚሉት የእንጨት መስቀል ቀዳዳው ላይ ይጋደማል። ክሩ የተጠቀለለበት እንዝርት እንዳይቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ መንጠቆው ላይ በሕይወት ያለች ስሜልት ትሰካለች። ስሜልት ጣት የምታህል ብርማ ዓሣ ናት፤ ነገራችን ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ስለሆነ ከአሁኑ እንወቃት። ዓሣ ስሜልቷን ነጥቆ ሲሮጥ የተጎነበሰችው ብርቱካናማ ባንዲራ ቀጥ ትላለች፤ ያየ ሰው «ባንዲራ!» ብሎ ይጮኻል፣ ያለው ሁሉ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ይሮጣል። የግዛቱ ጠቅላላ ሕግ ለአንድ ሰው አምስት ትራፕ ይፈቅዳል። አምስቱን የት የት እንደሚተክል ማወቅ የአጥማጁ ፈንታ ነው። ሳልሞን ከግግሩ ሥር አንድ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይዋኛል፤ ብሩክ ትራውት ጥልቀት የሌለውን ዳር ዳሩን ይወዳል፤ ቶግ የሚሉት የሐይቅ ትራውት ደግሞ ወለሉን አይለቅም። ትራውት የሚለውን ስም ባሌ ዲንሾ የሄደ አንባቢ ከወብ ወንዝ ያውቀው ይሆናል። የወቡ ከኬንያ ተጭኖ የመጣ እንግዳ ነው፤ የሙስሄዱ ቶግና ብሩክ ትራውት ግን ነባር ናቸው። እዚያ እንግዳው ሳልሞን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰው ነው ያስገባው። ወደ ባሕር የማይወርድ፣ ዕድሜውን ሁሉ በሐይቅ የሚኖር የሳልሞን ዘር ነው።

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። ቸሩ ዓሣ አይገድልም ነበር ማለት ይቻላል። የብርዱ ወራት ሲገባ ለቤቱ አንድ ሳልሞን ያስቀራል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ይለቃል። መንጠቆውን በጣቱ ቀስ አድርጎ ይፈታና ልጆች መልኩን እንዲያዩ ዓሣውን በረዶው ላይ ያሳርፈዋል። ነጠብጣቦቹን ያሳያቸዋል፣ ያስነካቸዋል፣ ፎቶ ያስነሣቸዋል፤ ከዚያ ወደ ቀዳዳው መልሶ «ሂድ፣ እደግ» ይለዋል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እናቶች ከጎጆው ትኩስ ቸኮሌት ሳይጠጡ አይመለሱም። ከሩቅ ከተማ የመጣ እንግዳ ሳይቀር «የእሱን ጎጆ አሳዩኝ» ይላል።

ጨካኙ ባልዲ ነበረው። ክንድ የማይሞላ ቶግ ሲያወጣ ጭንቅላቱን በዱላ አንድ ጊዜ ይመታዋል፤ ሁለተኛ አይደግምም። ከዚያ ወደ ባልዲው። ሕጉ እስከሚፈቅድለት ቁጥር ድረስ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲሞላለት ትራፑን ነቅሎ ሰላም ሳይል ይሄዳል። አንድ ቀን አንዲት ሕፃን ባልዲው ውስጥ አየችና «እናቱ አትፈልገውም?» አለችው።

«እናቱማ ብታገኘው ትበላዋለች» አላት።

ልጅቱ አለቀሰች። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ግሪንቪል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨካኝ መባሉ ጸደቀ።

ጨካኙ በድብቅ የድኾችን ደጅ የሚያንኳኳ ሰው ነበር ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልነበረም። ዓሣውን በቅቤ ጠብሶ ራሱ ይበላል፤ የተረፈውን ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቆልፍበታል። ትንንሹን የሚመርጠውም ሥጋው ስለሚጣፍጠው እንጂ ስለ ሐይቁ አንዳች ነገር አውቆ አይደለም። ቸሩም ቢሆን እንደዚያው። አንዱ አንጀቱ የነገረውን ይሠራል፣ ሌላው ሆዱ የነገረውን፤ ከግግሩ ሥር ምን እንዳለ ሁለቱም አላዩም።

ዓመታት አለፉ። ሳልሞኑ መክሳት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አላለም፤ በኋላ ግን የሚወጣው ሁሉ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ወገቡ እንደ ቀበቶ የቀጠነ ሆነ። ሽማግሌዎች አንድ ሰሞን የብርዱ ማነስ ነው አሉ፤ ሌላ ሰሞን የግድብ ነገር ነው አሉ። ጨካኙ ነው ያሉም ነበሩ። እንዲያውም ብዙዎቹ ጨካኙ ነው አሉ። ባልዲው ለሁሉ ይታያል፤ ሐይቁን እሱ ካላራቆተው ማን አራቆተው?

በዚያን ጊዜ ከግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ባለሙያ በስኖውሞቢል መጣች። መስፈሪያ ሰሌዳና ሚዛን ይዛ ከጎጆ ጎጆ እየዞረች የሰውን ሁሉ ዓሣ ትለካለች፣ ከቅርፊቱ ቆንጥራ ትወስዳለች፣ የሞተውን ከፍታ ሆዱን ታያለች። ቸሩ ጎጆ ስትደርስ እሱ ሳልሞን አውጥቶ ለልጆች እያሳየ ነበር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው።

«እርስዎ ይህን ሊለቁት ነው?» አለችው።

«ምኑን ልብላው? አጥንት ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ልመዝነው።»

ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የዚህን ያህል የረዘመ ደህና ሳልሞን ከአንድ ኪሎ በላይ ነው የሚመዝነው፤ ይኼ 700 ግራም እንኳ አልሞላም። የሆዱ ክንፍ በአንድ በኩል ተቆርጧል። ከማራቢያው ሲወጣ የተደረገ ምልክት ነው፤ የትኛው ዓመት ላይ ሐይቅ እንደገባ በዚያ ይታወቃል። ባለሙያዋ መዝገቧን አየች። የዚህ እኩዮች እስካሁን መወፈር ነበረባቸው።

ከዚያ ዓሣውን ገልበጥ አድርጋ ስንጥቡን አሳየችው። ቀዩ ሥጋ ላይ ስስ የበረዶ ብልጭታ ተጋግሯል። «በዚህ ብርድ ውጭ ሲያሳርፉት ስንጥቡ ላይ ያለው ውሃ ወዲያው ይቀዘቅዛል» አለች። «ይህ ተመልሶ መተንፈሱን እንጃ። መልቀቅ ከፈለጉ ከውሃው ባያወጡት ነው የሚሻለው።»

ቸሩ ልጆቹን አየ፤ ልጆቹ እሱን አዩት። ዓሣው ተመልሶ ገባ። ጎኑን ሰጥቶ ጥቂት ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ሰጠመ፤ ወደ የት እንደሄደ አልታየም።

ባለሙያዋ ጎጆው ውስጥ ገብታ እጇን ምድጃው ላይ እያሞቀች የቀረውን ነገረችው። ሐይቁ ውስጥ ቶግ በዝቷል፤ በተለይ ትንንሹ። ቶግ የሚበላው ስሜልት ነው፤ ሳልሞንም የሚበላው ስሜልት ነው። ቶግ ረዥም ዕድሜ ይኖራል፣ ረሃብንም ይችላል፤ ሳልሞን ግን ስሜልት ካጣ ይመነምናል። የከፈተቻቸው የሳልሞን ሆዶች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው።

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ቸሩ። «እኔ አንድ ቶግ አልገደልኩም!»

ባለሙያዋ መልስ አልሰጠችውም። ጓንቷን አጥልቃ ወደሚቀጥለው ጎጆ ሄደች።

የዚያን ዓመት ቸሩ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከረመ። ሙግቱ ቀላል አልነበረም፤ ቀላል አድርጎ የሚያወራለት ሰው አትመኑ። በመዳፉ የያዘው ዓሣ ሁሉ ሕይወት ነበረው፤ ዓይኑን ያየዋል፣ ጅራቱ ሲወራጭ ይሰማዋል። የተራበው ሳልሞን ግን መዳፉ ላይ አልነበረም፤ በ300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ውሃ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም፣ አይጮኽም፣ ማንም ሕፃን አያለቅስለትም። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ በዕድሜው ስንት ቶግ እንደለቀቀ ሊያስብ ይሞክራል። ሰው የሚያመሰግንበት ነገር ድንገት እንደ ዕዳ ሆኖበት ነጋ። ጥቂት ጊዜ ማጥመዱን ሊተው አሰበ፤ እሱም መልስ አልሆነም። ቤት የተቀመጠ ሰው እጁ ንጹሕ ሆኖ ሊቀርለት ይችላል፤ ለስሜልቷ ግን የሚሰጣት ነገር የለም።

በመጨረሻ ወደ ጨካኙ ጎጆ ሄደ። ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ከዚያ በፊት በሩን አልረገጠም።

«ምን ጉድ ነው?» አለ ጨካኙ።

«እንዴት እንደሚመታ አሳየኝ።»

ጨካኙ ሳቀ መሰላችሁ? አልሳቀም። ዱላውን አነሣና «እዚህ ጋ፣ ከዓይኑ ኋላ። ካመነታህ ታሠቃየዋለህ» አለው። ባንዲራ ቀጥ ሲል ሁለቱም ወጡ። የመጣው ክንድ የማይሞላ ቶግ ነበር። ቸሩ በግራ እጁ ያዘው፣ በቀኙ ሰነዘረ፣ አመነታ፣ ጎኑን መታው። ዓሣው በረዶው ላይ ዘለለ። ጨካኙ «ቶሎ በል!» ብሎ ጮኸበት። ሁለተኛው ምት ልኩን አገኘ። ቸሩ ጓንቱ ላይ የቀረውን ደም በበረዶ ሲያሽ፣ ሲያሽ ቆየ፤ ጨካኙ ትራፑን መልሶ ተከለና ወደ ጎጆው ገባ።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ግድም፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የመንግሥት ሕጉ ራሱ ተገለበጠ፤ ትንንሹን ቶግ ያለ ቁጥር ገደብ አውጡ ተባለ። ለዚሁ ተብሎ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ተዘጋጀ፣ ሽልማት ተመደበ። መንደር መቼም መንደር ነው። ትናንት ባልዲውን የረገመ ሁሉ ዛሬ ባልዲ ገዛ። በአንድ ቅዳሜ ሐይቁ ላይ የቆመው መኪናና ጎጆ ብዛት ገበያ ቀን አስመሰለው። ጨካኙም ጨካኝ መባሉ ቀረና ዐዋቂው ተባለ። «ከሁላችን ቀድሞ ገብቶት ነበር» አሉለት። አልገባውም ነበር፤ ሆኖም አልገባኝም ነበር ብሎ አላረማቸውም። ሙገሳ የሚጠላ ሰው የት አለ? ዱላውን ጎጆው በር ላይ ሰቀለው፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳያል። ልጆች መክበብ የጀመሩት አሁን እሱን ሆነ።

ዓመታት ደግሞ አለፉ። በጸደይ በረዶው ሲፈታ ስሜልት እንቁላል ልትጥል ወደ ገባር ጅረቶች ትወጣለች፤ ባዶ የከረሙት ጅረቶች በሌሊት ባትሪ ሲበራባቸው መብለጭለጭ ጀመሩ። ሳልሞኑም ሥጋ ለበሰ። ባለሙያዋ ሚዛኗን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ይፈታል። እንዲህ አለች፤ ትንንሹን ማውጣቱ መልካም ሆኗል፣ ትልልቁን ቶግ ግን ተዉት። ትልቅ ቶግ ስሜልት ብቻ አይበላም፤ የገዛ ዘሩን ትንንሽ ይበላል። እናንተ በባልዲ የምትሠሩትን እሱ ክረምት ከበጋ ያለ ደመወዝ ይሠራል። ከትልቁ አንድ ማስቀረት በሕጉ ይፈቀድ ነበር፤ እሷ የጠየቀችው በልመና ነው።

አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የጨካኙ አምስተኛ ባንዲራ ተነሣ። ክሩን ሲይዘው ወለሉን የያዘ መሰለው። ከዚያ ወለሉ ተንቀሳቀሰ። ወደ ላይ ሲስበው ወደ ታች ይሄድበታል፤ ሲለቅለት ይቆምለታል። በዚህ መልክ ረዥም ጊዜ ከቆዩ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ አረፋ መፍላት ጀመረ። ቶግ ከጥልቁ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለውን አየር በአፉ ያስወጣል፤ አረፋው ከዓሣው ቀድሞ ይደርሳል። የዚያን ቀን አረፋው አላቋርጥ አለ። ቸሩ ከጎጆው ብቅ ብሎ አየና መሰርሰሪያውን ይዞ ሮጠ፤ ቀዳዳው ለዚህ ጭንቅላት አይበቃም። አጠገቡ ሌላ በሱ፣ መካከሉን ሰበሩ፣ በጭልፋ ጠረጉ። ጭንቅላቱ ወጣ። ከአፉ ዳር የሌላ ትንሽ ቶግ ጅራት ተንጠልጥሏል፤ ሳይውጠው ነው ስሜልቷ ላይ የተወረወረው።

ጨካኙ ተንበረከከ። እንዲህ ያለ ዓሣ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ዱላው በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ዘወር ብሎ አየው።

«ሕጉ ይፈቅድልኛል» አለ።

«ይፈቅድልሃል» አለ ቸሩ።

«ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እንዲህ ያለው። ልጆች ያዩታል።»

«ያዩታል።»

«አንተ ዝም ብለህ ተስማማ አላልኩህም!»

ቸሩ ምንም አላለም። ጨካኙ እጁን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ቆየ። ጣቶቹ ቀልተው፣ ነጥተው፣ ደንዝዘው ነበር። ገድሎ መመለስ ለእሱ ትንፋሽ የመውሰድ ያህል ነው፤ እጁ ሳያዝዘው ይሠራል። አሁን ግን እጁ ትእዛዝ ጠበቀ። በስተመጨረሻ ቀና ሳይል «እንዴት ነው የሚለቀቀው?» አለ።

«አታውጣው። ጅራቱን ያዝለት፣ በሌላው እጅህ ሆዱን ደግፈው። መንጠቆውን እዚያው ውሃ ውስጥ ፍታ።»

«አልፈታ አለኝ።»

«ክሩን ቁረጠው። መንጠቆውን ጊዜ ይጥልለታል።»

ቆረጠው። ዓሣው አልሄደም። ጨካኙ «ሞተ እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቸሩ ከእሱ ሰምቶ የማያውቀው ነገር ነበረበት። «ጠብቅ፣ ውሃው በስንጥቡ ይለፍ» አለው። ጠበቀ። ጅራቱ አንዴ ጠንክራ መዳፉን መታችውና ሄደች፤ ፊቱንም ውሃ አለበሰችው። ጨካኙ የተሳደበው ስድብ ኪኒዮ ድረስ ተሰምቶ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ተነጫነጨ። እጁ ቆስሏል፣ ክሩ ተበላሽቷል፣ ቸሩ ነው ያሳተኝ፣ ባለሙያዋ ናት የመከረችው። ለማንም ምስጋና አልነበረውም፤ ሰላምታም ቢሆን አላሻሻለም። ግን ግሪንቪል ውስጥ ሰዎች ቡና በሚጠጡበት ሱቅ ስለ ትልልቅ ዓሣ ወሬ በተነሣ ቁጥር ጨካኙ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እኔ የለቀቅሁት» ይላል፣ «ከ15 ኪሎ አያንስም።»

ሰዎቹ ይተያያሉ። ማየት የሚቻል ነገር የለም፤ ፎቶ የለም፣ ቅርፊት የለም፣ ያለው ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ መዋሸት የማይችል መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ወደ ቸሩ ይዞራሉ።

«እውነት ነው? 15 ኪሎ ይሆናል?»

ቸሩ ሲኒውን አስቀምጦ ለረዥም ጊዜ ያስባል።

«ትልቅ ነበር» ይላል። «ግን አልመዘንነውም።»

«እንዴት አልመዘንነውም ትላለህ!» ብሎ ጨካኙ ከወንበሩ ይነሣል። «ከውሃው አታውጣው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»